ቁልፉ እኔ ጋ፣ ቁጥሩ እሱ ጋ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ብርድ። ጠዋት የመኪናውን በር ስይዝ እጄ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ነበር።

አዲስ የሥራ ጓደኛ ተመደበልኝ። ፍሥሐ ይባላል። የድሮ ፖሊስ ነው አሉ። ረጅም፣ ከጆሮው በላይ ሸበት ያለ፣ ጫማው የሚያበራ። «ደመቀች እባላለሁ» ስለው «አውቃለሁ፣ ወረቀቱ ላይ አይቻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጫጫ ከተማ እስክንደርስ አንድ ቃል የለም። ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ ሹፌራችን፣ በመስታወቱ አየኝና ትከሻውን ሰበቀ።

ሥራው ያው ነው። ከማደያውና ከሱቆቹ የታሸገ ከረጢት መቀበል፣ ባንክ ማድረስ፣ ኤቲኤም መሙላት። ሰው የባንክ ሠራተኞች እንመስለዋለን። አይደለንም። ባንኮቹ ለድርጅታችን እየከፈሉ የሚያሠሩን ነን። የመኪናው ካዝና እንዲከፈት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ቁልፉ እኔ ጋ፣ ቁጥሩ እሱ ጋ። የመክፈቻ ቁጥሩን እኔ ማወቅ የለብኝም። ቁልፌን እሱ መንካት የለበትም።

ቁጥሩን ሊያስገባ ሲል «ይቅርታ... ወደዚያ ይዙሩልኝ» አለኝ። በእርስዎ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው እንጂ ስልሳ አልሞላኝም። ዞሬ ግድግዳ አየሁ።

ለእማዬ ነገርኳት። «ሥርዓት ያለው ሰው ነው» አለች። ምኑን አይታ?

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

አንኮበር። ከጎረቤላ ከተማ ስንመለስ ጭጋግ ዋጠን። ጋሽ ሠረቀ «ገደሉ የቱ ነው፣ መንገዱ የቱ ነው?» ብሎ ዳር ያዘ። በር መክፈት አይፈቀድም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተቀመጥን። ጋሽ ሠረቀ ስለ በጎቹ አወራ፣ ስለ ልጁ ሠርግ አወራ፣ ከዚያ እሱም ደከመውና አሸለበ። ጠመንጃ የያዘው ጥበቃችን ከሹፌሩ ጎን ሆኖ ነጩን ጭጋግ ያያል።

ዳቦ ይዤ ነበር። ግማሹን ለፍሥሐ ዘረጋሁለት። አልተቀበለም። አሰበ። ደንቡ ከሰው የተሰጠ ምግብ አትብሉ ይላል፤ አስተኝተው የዘረፏቸው አሉ። በመጨረሻ «ደንቡ የሚለው ከውጭ ሰው ነው» አለና ተቀበለኝ። ሳቄን በእጄ ሸፈንኩ።

አባቱ ቄስ ናቸው፣ እዚሁ አንኮበር። ልጁ ሊያ ደሴ ትማራለች። «ባለቤቴ አርፋለች። አራት ዓመቷ» አለ፣ ሪፖርት እንደሚያነብ። ነፍስ ይማር አልኩ። «እርስዎስ?» አለኝ።

«ባሌ ትቶኝ ሄደ። ከተፋታን ዘጠኝ ዓመት።»

ለሰው ሁሉ እኔ ፈታሁት ነው የምለው። ለዚህ ሰውዬ ለምን እውነቱን ነገርኩት? ጭጋግ ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ደብረ ሲና፣ ባንኩ ደጅ። ዘንቦ ነበር። «ተጠንቀቂ፣ ደረጃው ያዳልጣል» አለኝ።

ተጠንቀቂ... አለኝ። እሱም ደነገጠ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ልቤ አልተረጋጋም። ቢሆንም ልጻፈው።

መኪናው ውስጥ ካሜራ አለ፤ ድምፅም ይቀዳል። ሰሞኑን ፍሥሐ ከመንገዱና ከብርዱ ሌላ ምንም አላወራም። ተቀይሞኛል ብዬ ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ ከግቢው በር አጠገብ ቆሟል። ነጠላ አጣፍቶ። ያለ ዩኒፎርም ትከሻው ጠበብ ይላል።

«መኪና ውስጥ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው» አለ።

አብረን ወረድን። ብዙ ሄድን። የበግ ተራው ጋ ስንደርስ ቆመ። «ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። ግን መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ ብዬ።» ጫማውን እያየ ነው የሚናገረው።

እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ከአፌ የወጣው «ካዝናውስ?» የሚል ነው።

ሴት ልጅ እንዲህ ተብላ ካዝናውስ ትላለች? ግን እውነት ነው። የተጋባ ሰው፣ የሚዛመድ ሰው፣ አንድ ካዝና አብሮ አይከፍትም። ሁለት ሰው ያስፈለገው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። ባልና ሚስት ከሆኑማ አንድ ሰው ናቸው።

«አውቃለሁ» አለ። «የገባሁ ቀን የፈረምኩት ደንብ ላይ አለ። አምስተኛው ተራ።»

አዎ አላልኩትም። እምቢም አላልኩትም። እስቲ... ብዬው መጣሁ። ቤት ስገባ እማዬ «ቅዳሴው ረዘመ?» አለችኝ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አሰብኩበት። ሰውየውን እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

የምፈራው ሌላ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ባንክ ውስጥ ከመስኮት ኋላ ተቀምጫለሁ። ሰው በመስታወት ቀዳዳ ሲያናግረኝ፣ እኔም በቀዳዳ ስመልስ። ባሌ የሄደ ጊዜ እንኳ መስኮቱ ላይ ነበርኩ፤ ፈገግ ብዬ ተረኛ እጠራለሁ። ከዚያ ይህን ሥራ አገኘሁ። መንገድ አለው። ተራራ አለው። አሁን ተዛምደናል ብንል አንዳችን ከመኪናው እንወርዳለን። ማን እንደሚወርድ መቼም አይጠፋኝም። ሴቷ ናታ።

ደግሞ እማዬ የዓይን ሞራዋ ሊገፈፍላት ነው፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ። በዚህ ላይ ሥራ ባጣስ?

ከሥራ ስንወጣ ታክሲ መያዣው ጋ ነገርኩት። «እሺ ብያለሁ። ግን እስከ ገና ለማንም እንዳትናገር። ቃል ግባልኝ።»

«ለድርጅቱም?»

«ለድርጅቱም።»

ሁለት ታክሲ ሞልቶ ሄደ። «ከተጠየቅኩ ግን አልዋሽም» አለ።

«ማን ይጠይቅሃል?»

«እሺ። ቃሌ ነው።»

ሽማግሌ ልላክ ያለን ሰው፣ ደብቀኝ አልኩት።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

እማዬ ተሠራላት። አንዱ ዓይኗ ታስሯል፤ ሌላው ድሮም አያይም። ሐኪሙ ስለ ጠብታው በጥድፊያ ነግሮኝ ሄደ። የቱ ቀይ ክዳን፣ የቱ ነጭ፣ የቱ በየስንት ሰዓቱ... ጠፋብኝ።

ፍሥሐ ከሥራ ቀጥታ መጣ። ብርቱካን ይዞ። ሐኪሙን ተከታትሎ ሄዶ በወረቀት ጽፎ መጣ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሰዓት በሰዓት፣ ከሥሩ አስምሮ። ከዚያ ለእማዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበላት፤ ተኝታ ስለምትሰማው ቀስ እያለ።

«ማነው?» አለች ሲወጣ።

«የመሥሪያ ቤት ሰው ነው።»

«እንዲህ ነው የመሥሪያ ቤት ሰው?» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ምን ጉድ ነው የመጣብኝ።

ትናንት ከጫጫ ማደያ ሁለት ከረጢት ተቀበልን። መቁጠሪያ ክፍል ሲደርስ የአንዱ ማሸጊያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። ይህ ማለት በመንገድ ላይ ተከፍቶ በሌላ ማሸጊያ ታሽጓል ማለት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ያላትና ቁጥር ያለው ካልተስማሙ ደግሞ ማን ይከፍተዋል?

መታወቂያችንን ተቀበሉን። ማጣራቱ እስኪያልቅ ከሥራ ታግዳችኋል፣ እርስ በርስ እንዳትደዋወሉ ተባልን። ማኅደረማርያም፣ ሱፐርቫይዘሯ፣ ዓይኔን አላየችኝም። ሰባት ዓመት የማውቃት ሴት።

ለእማዬ ዕረፍት ወጣሁ አልኳት።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ተጠየቅን። ማኅደረማርያምና ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ የመጣ ሰው። ፍሥሐ አስቀድሞ ገባ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አርባ ደቂቃ። ሲወጣ በፊቴ አለፈ። አላየኝም። እንዳያየኝ ተነግሮታል፣ አውቃለሁ... ግን አላየኝም።

ገባሁ። ማደያው ጋ ስንት ሰዓት ደረሳችሁ፣ ከረጢቱን ማን ያዘ፣ የት ቆማችሁ። መለስኩ። ከዚያ የአዲስ አበባው ሰው ወረቀት ገለጠና «ከአቶ ፍሥሐ ጋር የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም ሌላ የቅርብ ግንኙነት አለዎት?» አለኝ።

እሱ ምን ብሎ ይሆን? አልዋሽም ብሎኛል። ቃሌ ነው ደግሞ ብሎኛል። ቃሉን ጠብቆ የለም ካለ፣ እኔ አለ ስል ዋሾ አደርገዋለሁ፤ ሌባም ያደርጉታል። አለ ካለ ደግሞ፣ እኔ የለም ስል... ገና አልተጋባንም። ሽማግሌ አልመጣም። ቀለበት የለም። የለም ብል በሕግ ውሸት ነው?

ማኅደረማርያም ያኔ አየችኝ።

«አለን» አልኩ። «ሊያገባኝ ጠይቆኛል፣ እሺ ብዬዋለሁ። ከኅዳር ጀምሮ። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ መናገር ፈልጎ ነበር።»

ሰውየው ጻፈ። ረጅም ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ታኅሣሥ 12

የለም ብሎ ከሆነ ገደልኩት።

ታኅሣሥ 13

ጾሙም፣ ሐሳቡም። እማዬ የታሰረው ተፈታላት። ፊቴን አየችና «ከስተሻል» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ቃል።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ተጣራ። የማደያው ገንዘብ ያዥ የአንዱን ከረጢት ማሸጊያ ቁጥር አሳስቶ ነው የጻፈው። እነሱ ጋ ባለው ካሜራ ታየ፤ ከረጢቶቹም አልተነኩም። ይኸው ነበር። ለአንድ መስመር ስህተት ሰባት ቀን ሞቼ ተነሣሁ።

ማኅደረማርያም ለብቻዬ ጠራችኝ። መታወቂያዬን መለሰችልኝ። ከዚያ «ይህን ማሳየት የለብኝም» ብላ አንድ ወረቀት ገልብጣ አቀረበችልኝ። የፍሥሐ ቃል። ያ ጥያቄ። ከሥሩ በራሱ እጅ፦

«ይህን ወ/ሮ ደመቀች ትመልሰው። እሷ የምትለው የእኔም መልስ ነው። ከአሁኑ ፈርሜያለሁ።»

«የአዲስ አበባው ሰው ጮኸበት» አለችኝ። «አልመልስም ማለት ከሥራ ያስባርራል አለው። ‹ያስባርር› አለና ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልወጣውም። አርባ ደቂቃው በዚህ ነው ያለቀው።»

አልዋሸም። ቃሉንም አልበላም። የእኔን መልስ ሳያውቅ ፈረመበት።

አለቀስኩ። ማኅደረማርያም በሩን ዘጋችልኝ። ሲወጣልኝ «ደንብ ግን ደንብ ነው» አለች፣ በለሰለሰ ድምፅ። «በጊዜው ባለመናገራችሁ ለሁለታችሁም ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ። ከጥር ጀምሮ አንዳችሁ ከመኪናው ትወርዳላችሁ። መቆጣጠሪያ ክፍል ቦታ አለ፣ ሬዲዮ ላይ። ተነጋገሩና ንገሩኝ።»

መቆጣጠሪያ ክፍል። መስኮት እንኳ የለው።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ

ከሥራ በኋላ ከፍሥሐ ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው፣ በሰው ፊት።

አስቤ ነበር የሄድኩት። እኔ እገባለሁ ልለው። ደብቀኝ ያልኩት እኔ፣ ያስጠየቅኩት እኔ። አፌን ሳልከፍት «እኔ እገባለሁ» አለ።

«አዘንክልኝ?»

«ጉልበቴ ያመኛል። መውጣት መውረዱ ሰልችቶኛል።»

«ጉልበትህ ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም።» ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «እውነቴን ነው፣ ያመኛል። ግን ባያመኝም እገባ ነበር። ከጎረቤላ ስንወጣ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ስለ ባንኩ መስኮት አንድም ቀን አልነገርኩትም። ከምኑ አወቀ?

የሻዩን ሒሳብ እኔ ልክፈል ብዬ ተጣላን። እሱ ከፈለ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ለእማዬ ነገርኳት።

«ጠብታውን የጻፈልኝ?» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያሰሩት ዓይኔን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያነብልሽ ሰው ከሆነ... ደግ ነው።»

ጥር 18፣ እሑድ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው። አንደኛው ጋሽ ሠረቀብርሃን። ዛሬ ብቻ ዝም እንዲል አስጠንቅቀውት ኖሮ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሲጨነቅ ዋለ። ከጓዳ ሆኜ አየዋለሁ። ወግ ነውና ቁጭ በሉ ተባለ፣ ከየት መጣችሁ ተባለ። በመጨረሻ እማዬ «ልጅቷ ራሷን የቻለች ናት፣ እኔ አልከለክልም። ልጁን ግን ልየው» አለች። ፍሥሐን ከደጅ ጠሩት።

ብርሃኑ ወዳለበት ወደ በሩ አቆመችው። አገላብጣ አየችው። እንደ ሕፃን ቆሞ ታየላት።

በኋላ ጓዳ መጥታ በጆሮዬ፣ «ሸብቷል» አለችኝ።

«እኔም ሸብቻለሁ፣ እማዬ።»

«አንቺን ገና በደንብ አላየሁሽም» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ያየሁት መቼ ነበር?

ጋሽ ሠረቀ መራቂው «አሜን በሉ» ሲል አላስቻለውም። «እኔ ከጥቅምት ጀምሮ አውቄያለሁ፣ በመስታወቱ» አለ።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

አዲስ የተመደበችው ልጅ ኪዳነምሕረት ትባላለች። ፈጣን ናት፣ ጨዋ ናት። ቁጥሩን ስታስገባ እዞርላታለሁ።

ፍሥሐ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቷል፤ መስመሩ ግን የእኛ አይደለም። የሚከታተለው ወደ ደብረ ሲና የሚሄዱትን መኪኖች ነው፤ የእኛን ሌላ ሰው ነው የሚጠራው። ሚስት ልሆን ነዋ። ሬዲዮው ግን አንድ ነው፤ ሁላችንም ሁሉን እንሰማለን። ዛሬ ዳገቱን ስንወጣ፣ «መኪና ቁጥር አምስት፣ ጣርማ በር አለፋችሁ?» አለ። ድምፁ። እንዲያ ቀስ ብሎ። ቁጥር አምስት «አልፈናል» አሉ። «እሺ፣ በርቱ» አለ።

ለእኔ አይደለም። መመለስም አልችልም። ጋሽ ሠረቀ ግን እጁን ሰደድ አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

የካቲት 10

ትናንት ተጋባን። ቁርባን። ሰው ብዙ አልጠራንም። ሊያ ከደሴ መጣች፤ አቅፋኝ «አባዬ ሲያንኮራፋ ወደ ግራ ገልብጪው» አለችኝ። እማዬ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። ተቀመጪ ብንላት እምቢ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ፣ አንኮበር

ይህን የምጽፈው አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚመልሰንን ሚኒባስ እየጠበቅን።

ትናንት ከሰዓት መጣን፣ የፍሥሐን አባት ልናይ። መምሬ ወልደአረጋይ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ሠርጉ ላይ አልነበሩም። መስቀላቸውን አሳለሙን፣ ራሳችን ላይ ደገሙልን። ከዚያ ጎናቸው አስቀምጠውኝ «ሥራሽ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የሰው ገንዘብ አመላልሳለሁ፣ አባቴ።»

«ይከብዳል» አሉ።

«ከረጢቱ እንኳ ያን ያህል...»

«ከረጢቱን አላልኩም» አሉ።

ዛሬ ጠዋት በእግር ወጣን። ሰባት ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን በዚህ መንገድ ሳልፍ፣ እግሬ አፈሩን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ለካ ሽታ አለው። የበግ፣ የጥድ፣ ፀሐይ የነካው ሣር። ቁልቁል እስከ አሊዩ አምባ ጥርት ብሎ ይታያል። ፍሥሐ እያንዳንዱን መንደር በጣቱ አሳየኝ። ስሞቹን አልያዝኳቸውም፤ ጣቱን ነው ያየሁት።

ከዚያ ሞተር ሰማሁ። ከሩቅ። ያንን ሞተር ከሺህ አውቀዋለሁ።

«እነ ጋሽ ሠረቀ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። «ሰባት ደቂቃ ዘግይተዋል።»

ተነሥተን መንገዱ ዳር ቆምን፤ እሱ ጋቢውን እንደለበሰ፣ እኔ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ። እጃችንን አላነሣንም። ለገንዘብ መኪና እጅ አይነሣም፤ ጥበቃው ይደነግጣል። ደንቡን ሁለታችንም እናውቃለን። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው መኪናው አይቆምም። ጥሩምባ አይነፋም። ሹፌር ሰላምታ አይሰጥም።

ከመታጠፊያው ወጣ። ነጭ። ከውጭ ሲያዩት እንዴት ትንሽ ነው። መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ ውስጡ ያለው ሰው አይታይም። አልቆመም። ጥሩምባም አልነፋ።

እኛ የቆምንበት ቦታ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ጉድጓድ የለው፣ ከብት የለው፣ ጭጋግ የለው። ቀስ የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም።

ቀስ አለ። ሰው በእግሩ ሲራመድ ያህል ቀስ ብሎ በፊታችን አለፈ።